ያላዩትን መሣል

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ተረቱ። ወደ ባሕር ሲመጡ ግን ተረቱ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ባሕርን አይቶ የማያውቅ ሕዝብ ስለ ባሕር ይተርካል፤ በቅኔው ያነሣዋል፤ በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ማዕበሉንና በማዕበሉ ውስጥ የሚኖረውን አውሬ ይሥላል። የሰው ልጅ በዐይኑ ያላየውን ነገር በልቡ ሳይሥል አያድርም፤ በልቡ የሣለውንም አንድ ቀን በብራና፣ በእንጨት ወይም በወረቀት ላይ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ የሠዓሊው ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ሌላው ያየዋል፣ ያምነዋል፣ ልጁንም ያስተምርበታል። እንግዲህ ላላየው ነገር መልክ የሚሰጥ ሰው፣ ያንን መልክ አምኖ ለሚቀበለው ሰው ምን ዕዳ አለበት?

ለዚህ ጥያቄ ሞያሌ የምትመች ከተማ ናት። ከባሕር በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ውኃ በጀሪካን በሚቀዳበት ደረቅ ምድር ላይ የቆመችው ሞያሌ በአንድ ስም የምትጠራ ሁለት ከተማ ናት፤ አንደኛዋ በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ፣ ሁለተኛዋ በኢትዮጵያ። በኬንያው ወገን በትምህርት ቤት የሚሰጠው ስዋሂሊ ከባሕር ዳርቻ የተወለደ ቋንቋ ነውና ለታላላቆቹ የባሕር እንስሳት የየራሳቸው ስም አለው፤ ዓሣ ነባሪውን «ኛንጉሚ»፣ ዶልፊኑን «ፖምቦ»፣ የባሕር ላም የሚባለውን ዱጎንግን «ንጉቫ» ይላቸዋል። ድንበሩን ተሻግሮ ወደ አማርኛ ሲመጡ ለመጀመሪያው «ዓሣ ነባሪ» የሚል ስም ይገኛል፤ ለሁለተኛው የውጭው ስም እንዳለ ተወስዷል፤ ለሦስተኛው በሰው አፍ የጸና ስም የለም። «ዓሣ ነባሪ» የሚለው ስም ራሱ «ዓሣ» ብሎ ይጀምራል፤ የሥነ ሕይወት መምህሩ ደግሞ ዓሣ እንዳልሆነ፣ በሳንባው አየር እንደሚተነፍስ፣ ወልዶ እንደሚያጠባ ያስተምራል። ያዩ ሰዎች ያወጡት ስምና የሰሙ ሰዎች ያወጡት ስም በአንድ ኬላ ላይ ይገናኛሉ።

በዚህ ማንም አይወቀስም፤ ባሕሩ ስሙን የሰጠው ለጎረቤቶቹ ነው። ነገር ግን ልዩነቱ አንድ ነገር ያሳያል። በሞያሌ ገበያ ከብት ለሚሸጥ ሰው የላም ሥዕል ቢያሳዩት ሠዓሊው ላም ያየ መሆኑንና አለመሆኑን ለመለየት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። የቀንዱን አወጣጥ፣ የሻኛውን አቀማመጥ፣ የጉልበቱን አተጣጠፍ ተመልክቶ ይፈርዳል። ለዓሣ ነባሪ ሥዕል ግን ይህ ዳኝነት የለውም፤ የቀረበለትን ከመቀበል ወይም ከመተው በቀር ምርጫ አያገኝም። ዕዳው የሚመጣው ከዚሁ ነው። ተመልካቹ ሊመረምረው በማይችለው ነገር ላይ የሠዓሊው ቃል እጅግ ይከብዳል።

ያም ሆኖ ያላየውን የሣለ ሁሉ በደለኛ ነው ማለት አይደለም። ከግሪክ ወደ ግዕዝ በጥንት ዘመን የተመለሰው «ፊሳልጎስ» የተባለው መጽሐፍ ስለ እንስሳት ጠባይ የሚናገር ነው። በዚህ መጽሐፍ ወግ ውስጥ ደሴት ስለሚመስል ታላቅ የባሕር አውሬ ይተረካል፤ መርከበኞች ምድር መስሏቸው መርከባቸውን ያሥሩበታል፣ እሳት ያነድዱበታል፤ ሙቀቱ ሲሰማው አውሬው ይዟቸው ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ታሪኩ የተጻፈው የአውሬውን ርዝመት ለመለካት አይደለም፤ ምድር በመሰለ ነገር ላይ ተማምኖ መልሕቅን መጣል ነፍስን እንደሚያጠፋ ለማስተማር ነው። ዮናስን የሣሉ ሠዓልያንም እንዲሁ ናቸው። የጣናን ወይም የዓባይን ዓሣ እንጂ ሌላ ያላየ ሠዓሊ ነቢዩን የዋጠውን አውሬ ቅርፊት ቢያለብሰው፣ በጾመ ነነዌ ሥዕሉ ፊት የሚቆም ምእመን አልተታለለም። የመጣው ስለ ንስሓና ስለ ምሕረት ሊሰማ ነው፤ ሠዓሊውም የገባለት ቃል ይኸው ነው። ስለ አውሬው ገላ የሰጠው ምስክርነት የለም።

ነገሩ የሚለወጠው ያው ሥዕል ሌላ ቃል በሚገባ መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ነው። ስዊድናዊው ካህን ኦላውስ ማግኑስ እ.ኤ.አ. በ1539 በቬኒስ ያሳተመው የሰሜን አገሮች ካርታ በባሕር አውሬዎች የተሞላ ነው። ከእነርሱም መካከል መርከበኞች መልሕቅ ጥለው እሳት ያነደዱበት ዓሣ ነባሪ ይታያል፤ የፊሳልጎስ ታሪክ ማለት ነው። ካርታ ግን የምግባር መጽሐፍ አይደለም፤ ካርታ «እዚህ ስፍራ ይህ አለ» የሚል ቃል ነው። በምሳሌነት የኖረው አውሬ በአንድ ጊዜ አድራሻ ተሰጠው።

ከ19 ዓመት በኋላ የዙሪኩ ሐኪም ኮንራድ ጌስነር ስለ ዓሦችና በውኃ ስለሚኖሩ እንስሳት ያዘጋጀውን ትልቅ መጽሐፍ ሲያሳትም የኦላውስን ዓሣ ነባሪዎች ከነጥርሳቸውና ከነፏፏቴያቸው ገልብጦ አስገባቸው። ይሁን እንጂ ጌስነር ጠንቃቃ ሰው ነበርና ሥዕሎቹን እንደ ተጠራጠራቸው፣ የትክክለኛነታቸውም ኃላፊነት የኦላውስ እንደሆነ በጽሑፉ ገለጸ። ይህን የጌስነርን አድራጎት ለመረዳት የአማርኛ ተናጋሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ተራኪ ያላየውን ሲያወራ ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ «አሉ» የምትል አጭር ቃል ያስቀምጣል፤ «አንድ ንጉሥ ነበረ አሉ»፣ «ወንዙ ሞላ አሉ»። ይህች ቃል የተራኪውን ክብር አትቀንስም፤ እንዲያውም ታስጠብቅለታለች። ወሬውን ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ያላየውን እንዳየ አድርጎ አይምልም። በዐይኑ በብረቱ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ ለአድማጩ ያስረክባል።

የሥዕል ችግር ይህች ቃል የሌለችው መሆኑ ነው። ሥዕል «አሉ» ማለት አይችልም። በሰሚ ሰሚ የተሣለው አውሬና ፊት ለፊት ታይቶ የተሣለው አውሬ በአንድ ዓይነት ቀለም፣ በአንድ ዓይነት መስመር ይቆማሉ፤ ሁለቱም «ይህ ነው» ይላሉ። ስለዚህ የጌስነር ጥንቃቄ በላቲን ጽሑፉ ውስጥ ቀረ፤ ሥዕሉ ግን ላቲን ለማያነብም ይናገራል። ዶልፊን አየር እንደሚተነፍስና ልጁን እንደሚያጠባ አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ጽፎት ነበር፤ ፈረንሳዊው ፒየር ብሎን በ1551 ባሳተመው መጽሐፍ ዶልፊንን በልቶ ከመረመረ ሰው በሚጠበቅ ዕውቀት ገልጾታል፤ እነዚህን እንስሳት ከአጥቢዎች ተርታ የመደበው ግን የሊኒየስ መጽሐፍ 10ኛ እትም በ1758 ነው። እውነቱ ተጽፎ ሳለ ጥፍርና ቀንድ የተገጠመለት አውሬ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲዞር ኖረ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን «አሉ»ን መተው ብቻ ሳይሆን በስፍራዋ «አየሁ»ን ማስቀመጥ ነው። በ1598 በሆላንድ ባሕር ዳርቻ አንድ ትልቅ ዓሣ ነባሪ ከማዕበሉ ወጥቶ ሞተ። ሄንድሪክ ጎልዝዩስ የተባለው ሠዓሊ ሣለው፤ ሥዕሉም በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ ታተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1601 በኢጣልያ አንኮና አጠገብ ሌላ ዓሣ ነባሪ ወደ ዳርቻ ወጣ። ይህንንም የሚያሳይ ሥዕል በሮም ታተመ፤ በላዩ ላይም ከተፈጥሮው በትክክል የተቀዳ ነው የሚል ቃል ሰፍሮበት ነበር። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ ኤርንስት ጎምብሪክ በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው የሮሙ ሥዕል የተቀዳው ከተፈጥሮ ሳይሆን ከሆላንዱ ሥዕል ነው። የሚያስገርመው ደግሞ የሆላንዱ ሥዕል ራሱ ስሕተት ያለበት መሆኑ ነው፤ የዓሣ ነባሪው የፊት መቅዘፊያ ወደ ዐይኑ ተጠግቶ ጆሮ መስሏል። ዓሣ ነባሪ ግን እንዲህ ያለ ጆሮ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። በስፍራው የነበረውም ከተሳሳተ፣ በስፍራው ባልነበረው ላይ መፍረድ ምን ይጠቅማል? ዐይንም እኮ ያለመደውን አያይም። የሆላንዱ ሠዓሊ የላምና የፈረስ ራስ ሲያይ ያደገ ሰው ነው፤ ከዐይን አጠገብ የተንጠለጠለ ነገር ሲያገኝ እጁ ወደ ጆሮ ቢያደላ ምን ይደንቃል? የማያዳላ ዐይን የለም፤ ስለዚህም በአየና ባላየ መካከል ያለው ልዩነት የመጠን እንጂ የዓይነት አይደለም የሚል ክርክር ማቅረብ ይቻላል።

ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ማየት ብቻውን እውነትን አያረጋግጥም። ሆኖም የሁለቱ ስሕተት ዕጣ ለየቅል ነው። አይቶ የተሳሳተ ሰው ሌላ ሰው መጥቶ እንዲያይ በሩን ክፍት ይተዋል፤ ሁለተኛው ዐይን የመጀመሪያውን ያርመዋል። ሳያይ «አየሁ» ያለ ሰው ግን የሁለተኛውን ምስክር ስፍራ በሐሰት ይይዛል። በሙግት ሥርዓት አንድ ምስክር ብቻውን አይበቃም የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ነገር ካሉ ነገሩ እንዲጸና ነው። በሆላንድ የወጣው ዓሣ ነባሪ ጆሮ ያለው መስሎ ታየ፤ በኢጣልያም የወጣው እንዲሁ። ያነበበ ሁሉ ሁለት ምስክር አገኘሁ ብሎ ተቀመጠ፤ ያገኘው ግን አንዱን ምስክርና የእርሱን የገደል ማሚቶ ነበር። የሮሙ ቀራጭ በደል ጆሮውን መሣሉ አይደለም፤ ጆሮው የሚታረምበትን መንገድ መዝጋቱ ነው።

ይህ ዕዳ ባዩትም ላይ እንደሚጸና የሚያሳይ ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘ ነው። ከፍራንክፈርት የመጣው ኤድዋርድ ሩፔል ከ1831 እስከ 1833 በምጽዋ፣ በሰሜን ተራሮችና በጎንደር እየተዘዋወረ እንስሳትን ሰበሰበ። ጭላዳ ዝንጀሮንና ዋልያን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀ እርሱ ነው። ለጭላዳና ለዋልያ በሳይንስ መዝገብ ያስገባላቸው ስም ባላገሩ የሚጠራቸው ስም ነበር፤ ለቀይ ቀበሮ ደግሞ የአገሩን የሰሜንን ስም ሰጠው። ከዳህላክ ደሴቶች አካባቢ ባገኘው ዱጎንግ ላይ ግን ሌላ መንገድ ተከተለ። ገላውን መርምሮ መግለጫውን በ1834 ከሥዕል ጋር ሲያሳትም «የድንኳኑ ዱጎንግ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ስም አወጣለት። በኦሪት ዘጸአት የማደሪያው ድንኳን የተሸፈነበት ቁርበት የዚህ የቀይ ባሕር እንስሳ ቁርበት ሳይሆን አይቀርም ብሎ አምኖ ነበርና።

ግምቱ የማይረባ ግምት አይደለም። «ታሐሽ» የተባለው የዕብራይስጥ ቃል ምን እንስሳ እንደሆነ ተርጓሚዎች ሲከራከሩበት ኖረዋል። በግሪኩ የሰብዐ ሊቃናት ትርጉም የቀለም ስም ሆነ፤ የ1611 የእንግሊዝኛ ትርጉም የምድር አውሬ አደረገው፤ የ1885ቱ እርማት ወደ ባሕር አውርዶ ከባሕር እንስሳ ቆጠረው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አቆስጣ» ተባለ። ተርጓሚ እንደ ሠዓሊ ነው፤ በመስመሩ ላይ አንድ ቃል ማስቀመጥ ግድ ይለዋል፤ «አሉ» የሚልበት ቦታ የለውም። ሩፔል ግን ቦታ ነበረው። ያየውን በመግለጫው፣ የገመተውን በኅዳጉ መጻፍ ይችል ነበር። ግምቱን በስሙ ውስጥ ስለ ቀበረው ግን እንስሳውን የጠራ ሁሉ ሳያውቅ የሩፔልን ግምት አብሮ ይጠራ ጀመር። ይህ ስም ውሎ አድሮ ቀርቷል፤ የቀረው ግን ግምቱ ተመርምሮ ስለ ወደቀ ሳይሆን በ1776 የወጣ ቀደምት ስም ስለ ነበረ ነው። የጸናው ስምም «ዱጎንግ» ከሩቅ ምሥራቅ የባሕር ሰዎች አፍ የተወሰደ ነው፤ እንስሳውን ከሚያዩት ሰዎች ማለት ነው።

የእንስሳት ሥዕልና ስም ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የዱጎንግ ዘመድ የነበረው የሰሜኑ የባሕር ላም ታሪክ ለዚህ መልስ ይሰጣል። ጀርመናዊው ጌኦርግ ስቴለር ከ1741 እስከ 1742 መርከቡ በተሰበረችበት በቤሪንግ ደሴት ሳለ እንስሳውን አየው፤ ለካው፤ አመጋገቡንና ለልጁ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ጻፈ። ጽሑፉ ከሞተ በኋላ በ1751 ታተመ። እስከ 1768 ድረስ አዳኞች እንስሳውን ፈጽመው ጨረሱት። ዛሬ ከዚያ ፍጥረት የቀረው አጥንቱና የስቴለር ቃል ነው። ስቴለር ያላየውን ጨምሮ ወይም የገመተውን ከታየው ጋር ቀላቅሎ ቢሆን ኖሮ የሚያርመው ማንም አይገኝም ነበር። ምስክር ሲናገር ነገሩ ሁልጊዜ በስፍራው የሚቆይ ይመስለዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ነገሩ ይሄዳል፣ ቃሉ ብቻ ይቀራል። የምሥራቅ አፍሪካ ዱጎንግም ከዚህ አደጋ የራቀ አይደለም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2022 የሰጠው ግምት ለመራባት የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡ የሚናገር ነው። በስዋሂሊ «ንጉቫ» የሚለው ቃል የባሕር ላሟንም በተረት የምትነገረውን የባሕር ሴትም የሚያመለክት ስም ነው፤ እንስሳዋ ከጠፋች በቃሉ ውስጥ የምትቀረው ተረቷ ብቻ ናት።

የመልክ ጉዳይ ከእንስሳት አልፎ ወደ ሰው ሲደርስ ደግሞ ዕዳው የሚከፈለው በደም ነው። ሞያሌ ይህን ታውቃለች። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያው ወገን ወታደሮች ሰላማዊ ነዋሪዎችን ገደሉ፤ ከባለሥልጣናት የተሰጠው ምክንያት በተሳሳተ መረጃ ታጣቂዎች መስለዋቸው ነው የሚል ነበር። በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው በኬንያዋ ሞያሌ ተጠለሉ። ምክንያቱ ምንም ያህል ቢመረመር በውስጡ የያዘው ነገር አንድ ነው፤ ሰዎቹ ከመታየታቸው በፊት ተሥለው ነበር። አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ መልካቸውን አወጣ፤ ሌላው ያንን መልክ እንደ ዐይን ምስክር ተቀበለ። ካርታ ላይ ያልነበረ አውሬ መሣል መርከበኛን ያሳስታል፤ መንደር ውስጥ የሌለ ጠላት መሣል ግን ሕፃናትን ያለ አባት ያስቀራል።

ዛሬ ደግሞ ሥዕል የሚወጣው ዐይንም ጆሮም ከሌለው መሣሪያ ነው። በስልክ ላይ በጥቂት ቃል ትእዛዝ የሚፈጠር ምስል ፎቶግራፍ መስሎ ይወጣል፤ ፎቶግራፍ ደግሞ በልማድ «በስፍራው ነበርሁ» የሚል ዝምተኛ መሐላ አለው። የሮሙ ቀራጭ ሐሰቱን ለማጽናት በቃል መጻፍ ነበረበት፤ የዛሬው ሐሰት ቃሉን እንኳ አይፈልግም። ድንበር ላይ ያለች ከተማ፣ በማዶው የሆነውን ነገር በአብዛኛው ከሌላ የምትሰማ ከተማ፣ ለእንዲህ ያለው ምስል የተጋለጠች ናት።

እንግዲህ መፍትሔው ያላዩትን ከመሣል መከልከል አይደለም። እንዲህ ቢሆን ዮናስም ባልተሣለ፣ ካርታም ባልተሠራ፣ የሞያሌ ተማሪም ከባሕሩ ሳይደርስ ስለ ዓሣ ነባሪ ባልተማረ ነበር። ሰው ከዐይኑ ውጭ ያለውን ዓለም የሚያውቀው ሌሎች ስለ ሣሉለት ነው፤ ይህም ታላቅ ስጦታ ነው። የሚጠየቀው ስጦታው ከነታሪኩ እንዲሰጥ ነው። ያየ አየሁ ይበል፤ የሰማ ሰማሁ ይበል፤ የገመተም ግምቱን በስም ወይም በቀለም ውስጥ ሳይደብቅ ለብቻው ያስቀምጥ። የሚቀበለውም ሰው ድርሻ አለው፤ ሥዕል ራሱ የማይለውን ቃል ስለ ሥዕሉ መጠየቅ። ማን አየ? ከማን ተቀዳ? ሁለተኛው ምስክር በእርግጥ ሁለተኛ ነው ወይስ የመጀመሪያው ጥላ?

እነዚህ ጥያቄዎች የሊቃውንት ብቻ አይደሉም። በገበያ የላም ሥዕል አይቶ የሚፈርድ ሰው ዳኝነቱን ያገኘው ከላሞች ጋር ስለ ኖረ ነው። ከባሕር ጋር ላልኖረ ሰው የሚቀርለት ዳኝነት ያቺ አጭር ቃል በስፍራዋ መኖር አለመኖሯን ማየት ነው። ከሥዕሉ በታች «አሉ» ከተባለ በእምነት ሊቀበለውም ሊያቆየውም ይችላል፤ ካልተባለ ግን እስኪጠይቅ ድረስ መልሕቁን አይጣልበት።